የምጽዋቱ መስካሪ ማን ነው?

በጋይንት ምድር በምትገኘው በቤተልሔም ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያዜማል። መምህሩም በጆሮው ሰምቶ፥ የሳተውን አቃንቶ፥ የበቃ ሆኖ ያገኘው እንደ ሆነ ይመሰክርለታል። ከትግራይም ይምጣ ከሸዋ፥ ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ጽሕፈቱ ስላማረ ብቻ የድጓ መምህር የተባለ የለም። በዚያው አገር በዙር አባም ዝማሬና መዋሥዕት እንደዚሁ ይመሰከራል። እንግዲህ የጋይንት ሰው ከጥንት ጀምሮ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ስለ አንድ ሥራ ሊመሰክር የሚገባው ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ነው።

ያን ደቀ መዝሙር ያን ያህል ዘመን የመገበውስ ማን ነው? አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ የሰጠችው የገበሬ ሚስት ናት። የአንዲት ቤት ቁራሽ አንድ ተማሪ አታጠግብም፤ የመንደሩ ሁሉ ቁራሽ ሲሰበሰብ ግን ጉባኤ ያቆማል። እርስዋም ቁራሹን ስትሰጥ የልመና ማመልከቻ አልጠየቀችውም። ጉባኤው ከጎረቤትዋ ነው፤ የተማሪዎቹንም ድምፅ ሌሊት ትሰማለች፤ መምህሩንም በመንገድ ታገኘዋለች። ስለዚህ የሰጠችው ነገር በከንቱ አለመቅረቱን ራስዋ ታውቃለች።

ይህን ያነሣነው የቀድሞውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ዛሬ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ስለሚደረገው በጎ አድራጎት ክርክር ስላለብን ነው። ክርክራችንም ይህ ነው፤ ለአገር ሰው የሚሰጠው ገንዘብ መስካሪው ሩቅ ሆኖአል፤ ስለዚህም ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ለሚሠራው ሳይሆን ለሚጽፈው ይደርሳል። መድኃኒቱም የአገሩ ሰው ራሱ የሚያዋጣበት፥ ራሱም የሚዳኝበት አንድ የጋራ ሣጥን ማቋቋም ነው እንላለን።

አስቀድመን ግን የሚገባውን ምስጋና እንስጥ፤ ውለታ የዋለልንን መንቀፍ የጨዋ ልማድ አይደለምና። ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ያለው አገር፥ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ገደል ድረስ፥ አፈሩ የተጠረገ፥ ዝናሙም የማይታመን ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና የሴፍቲኔት ፕሮግራም በጋይንትና በስማዳ ብዙ ቤተ ሰብ ከብቱን ሳይሸጥ ክረምቱን እንዲወጣ አድርጎአል። ፉድ ፎር ዘ ሀንግሪና ኬር የመሰሉ ድርጅቶችም በደቡብ ጎንደር ብዙ ዓመት ደክመዋል። ይህን የሚክድ ሰው ረኃብን ያላየ ሰው ነው።

ዳሩ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም በአንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። በዚያው ሰሞን በአገራችን በዚያ ገንዘብ ደመወዛቸው ይከፈል የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ ተነገራቸው። ሰኔ 24 ቀንም ዩኤስኤአይዲ የተባለው ድርጅት ሥራውን አቆመ። ከ60 ዓመት በላይ የቆመ ቤት በአምስት ወር ተዘጋ። አሜሪካ ገንዘቡ የራስዋ ነውና ልትከለክል ትችላለች፤ በዚህ አንፈርድባትም። የምንፈርደው በራሳችን ላይ ነው። ስድሳ ዓመት ስንቀበል አንዲት የራሳችን ሣጥን ሳናበጅ መቅረታችን ስለ ምን ነው?

አንዳንድ የተማሩ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ፥ «በገጠር በጎ አድራጊ ማኅበር የት አለና ነው ገንዘብ የምንሰጠው?» ይላሉ። ይህ ንግግር ዓይንን ጨፍኖ ፀሐይ የለም እንደ ማለት ነው። ከንፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፥ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ድረስ እድር የሌለው መንደር ቢፈለግ በጭንቅ ይገኛል። በየደብሩ ሰንበቴ አለ፤ በየቅዱሳኑ ስም ማኅበር ይጠጣል፤ በአጨዳ ጊዜ ደቦ ይወጣል፤ ባል የሞተባት ሴት ማሳ በወንፈል ይታረሳል። እነዚህ ሁሉ ሹም፥ ገንዘብ ያዥና ደንብ አላቸው። ያጠፋውን ይቀጣሉ፤ የቀረውንም ያስከፍላሉ። ብዙዎቹ ዛሬ ካሉት የእርዳታ ድርጅቶች ይልቅ በዕድሜ ይበልጣሉ። የጎደላቸው ነገር ቢኖር «ማኅበር» ብሎ የሚቆጥራቸው ሰው ብቻ ነው።

ስለ ምን አይቆጠሩም ቢሉ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን ከሚገዛቸው ድርጅቶች ውጭ አድርጎአቸዋል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621ም እንደዚሁ አድርጎአል። በዚህ ሕጉን አንነቅፍም። እድርን በመዝገብና በሪፖርት ሸክም አለማስጨነቁ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘብ ሰጪው ሁሉ በዚህ አዋጅ የተመዘገበበትን የምስክር ወረቀት አምጡ ስለሚል፥ ከሸክሙ የዳነው እድር ከበረከቱም ተለየ።

ወረቀቱ ይገኝ እንበልና እንኳ ሌላ ደጅ ይቀራል፤ እርሱም ፕሮፖዛል የሚባለው ጽሕፈት ነው። በስማዳ ቆላ በአንዲት መንደር የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ተሰበረ እንበል። ከውስጡ ያለች አንዲት ጎማ አልቃለች፤ ይህንንም ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች ያውቃሉ፤ የምትገዛበትንም ከተማ ያውቃሉ። ገንዘቡን ለማግኘት ግን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ችግሩን በሠንጠረዥ መዘርዘር፥ ዓላማውን መከፋፈል፥ ውጤቱን አስቀድሞ በመቶኛ መተንበይ ይጠበቅባቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በመንደሩ የለም፤ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ይገኛል። እርሱም ፓምፑን አላየውም፤ ነገር ግን ስለ ፓምፑ አምሮ የተጻፈ ሠላሳ ገጽ ያቀርባል። ሰጪውም ጽሕፈቱን አንብቦ ይደነቃል። ገንዘቡ በመጣ ጊዜ ከፊሉ ለሥልጠናና ለውሎ አበል፥ ከፊሉ ለመኪና ነዳጅ ይሆናል፤ የቀረውም ፓምፑን ያሠራል። ሁለት ዓመት ሲፈጸም መኪናው ይመለሳል፤ ሪፖርቱም ይጻፋል። በሦስተኛው ዓመት ጎማው ዳግመኛ ሲያልቅ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። እንግዲህ ይህን ሥራ በጎ አድራጎት እንበለው ወይስ የድርሰት ውድድር?

ድጓን ያላዜመ ሰው ስለ ድጓ መልካም ድርሰት ቢጽፍ ቤተልሔም አትመሰክርለትም። ስለ ውኃውስ ስለ ምን እንመሰክርለታለን?

በአገራችን ነገሩ በሌላ መንገድ የተሠራበት ጊዜ አለ፤ ይህንንም የምናነሣው ሐሳባችን ሕልም ብቻ እንዳይመስል ነው። በአማራ ክልል ከፊንላንድ መንግሥት ጋር ይሠራ የነበረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የሚባል አሠራር አወጣ። ገንዘቡን ለሥራ ተቋራጭ በመስጠት ፈንታ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ ዛሬ ጸደይ ባንክ በተባለው፥ በኩል ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ውኃ ቀጂዎቹ ከመካከላቸው ኮሚቴ መርጠው ገንዘቡን ከተቋሙ ራሳቸው አወጡ፤ ሲሚንቶውን ራሳቸው ገዙ፤ ቆፋሪውን ራሳቸው ቀጠሩ፤ ድንጋዩንና አሸዋውን አቀረቡ፤ ለኋላ ጥገና የሚሆን ገንዘብም አዋጡ። አስቀድሞ ብዙ ሰዎች፥ «ገበሬ ይህን ያህል ብር በእጁ ቢገባ ይበላዋል» ብለው ነበር። አሠራሩ ግን አልፈረሰም፤ ይልቁንም በ2003 ዓ.ም. ወደ ሌሎች ክልሎች መስፋፋት ጀመረ። የራሱን ውኃ የሚቆፍር ሰው ከራሱ አይሰርቅም፤ ቢሰርቅም ጎረቤቱ ያየዋል።

ሣጥን ያልነውም ነገር አዲስ አይደለም። በ1906 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች 1914፥ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ፍሬድሪክ ጎፍ የሚባል የባንክ ሹም አንድ ነገር አስተዋለ። ባለጸጎች ሲሞቱ ገንዘባቸውን «ለእንዲህ ያለ ነገር ብቻ ይሁን» ብለው ይናዘዙ ነበር። ዘመን ሲለወጥ ያ ነገር ይጠፋል፤ ገንዘቡም ታስሮ ይቀራል። እርሱም ይህን የሙታን እጅ አለው፤ ሕያዋንን አንቆ የሚይዝ ማለቱ ነው። ስለዚህ የብዙ ሰው ስጦታ በአንድ ላይ የሚቀመጥበት፥ ከከተማው የተመረጡ ሰዎችም በየዓመቱ የዘመኑን ችግር አይተው ለአገሩ በጎ አድራጊ ማኅበራት የሚያከፋፍሉበት ድርጅት አቋቋመ። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከአንድ ሺሕ በላይ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ በጎረቤታችን በኬንያም በፈረንጆች 1997 ዓ.ም. ተቋቁሞአል። ጎፍ የሙታንን እጅ ፈራ፤ እኛ ደግሞ የሩቁን እጅ ልንፈራ ይገባናል። ሁለቱም በጎ አሳቢዎች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዛሬ በመንደሩ የሆነውን አያዩም።

አሁን ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እንስማ።

የመጀመሪያው፥ «ድኾች ነን፤ ከምን እናዋጣለን?» ይላል። ድኽነታችን እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሲሞት ለተዝካሩ የሚታረደውን በሬ፥ ልጅ ሲዳር ለሰርጉ የሚወጣውን ገንዘብ ያየ ሰው ይህን ቃል እንዲሁ አይቀበለውም። ተዝካር ይቅር አላልንም፤ ከተዝካሩ አሥረኛው እጅ ለሣጥኑ ይሁን፥ ለሙት መታሰቢያውም የወላጅ አልባ ልጅ ደብተር ይሁን እንላለን። ደግሞም ከዚህ አገር ወጥተው በባሕር ዳር፥ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆች አሉን። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ አንድ ዶላር እንዲሰጡ በጠየቁ ጊዜ የኢትዮጵያ ዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ተቋቁሞ ሚሊዮን ዶላሮች ተሰብስበዋል። ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሰው ለሚያውቀው ወንዝ ይበልጥ ይሰጣል፤ ለኢትዮጵያ ሁሉ አንድ ዶላር የሰጠ የእስቴ ልጅ ውኃ ለጠጣበት ምንጭ ሁለት ይሰጣል ብለን እናምናለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ሁለተኛው፥ «የአማራ ልማት ማኅበር አለ አይደለምን?» ይላል። አዎን፥ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አልማ አለ፤ ከአባላቱ መዋጮም ብዙ ትምህርት ቤት ሠርቶአል። ይኸው ራሱ ሕዝባችን ማዋጣት እንደሚችል ምስክር ነው። ነገር ግን ለክልል ሁሉ የሚያስብ ማኅበር ትምህርት ቤቱን ይሠራል እንጂ በዚያ ትምህርት ቤት በረኃብ የምትወድቀውን ልጅ በስም አያውቃትም። ትልቁ ወንዝ ስላለ ምንጭ አያስፈልግም አይባልም።

ሦስተኛው፥ «ዘመኑ የጦርነት ነው፤ ጊዜው አይደለም» ይላል። እኛ ደግሞ ጊዜው ይህ ነው እንላለን። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ንፋስ መውጫን በያዙባቸው ቀኖች ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ በሴቶች ላይ የተፈጸመውንም ግፍ በ2014 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለዓለም አስታውቆአል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ውጊያ ስንት ጊዜ መንገድ ተዘጋ! መንገድ ሲዘጋ የሩቁ ገንዘብ ከደብረ ታቦር ሳይሻገር ይቀራል፤ በመንደሩ ያለው ሣጥን ግን መንገድ አያስፈልገውም። ያች የተጎዳች ሴትስ ቁስልዋን በየትኛው ቅጽ ላይ ትጻፈው? ለአንዲት የምታምናት እናት በጆሮዋ ትነግራት ይሆናል እንጂ።

አራተኛው ከሁሉ የበረታ ነው፤ እኛም በቀላሉ አናልፈውም። እንዲህ ይላል፥ «ጎረቤት ዳኛ ከሆነ ለዘመዱ ያደላል። የተጠላውን ያስርበዋል። ምስጢር ያወጣል። ሩቅ ያለው ፈረንጅ ቢያንስ ወገን የለውም።» እውነት ነው፤ ይህ ይሆናል፤ ሆኖም ያውቃል። በሐዋርያት ዘመን በኢየሩሳሌም ራስዋ ሆኖአል። ምእመናን ያላቸውን ሁሉ በአንድ ሣጥን ባደረጉበት ወራት የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ከዕለቱ ማዕድ ተረስተው ማጉረምረም እንደ ተነሣ ካህናት አባቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ሐዋርያት ታዲያ ምን አደረጉ? ማዕዱን አልተዉትም። ዳኛም ከሩቅ አገር አላስመጡም። ሕዝቡ ራሱ የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አዘዙ። የሰባቱንም ስም እናስተውል፤ እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃኖር፥ ጢሞና፥ ጳርሜና፥ ኒቆላዎስ፤ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ከዚህ የምንረዳው ሣጥኑ በአብዛኛው ቅር ለተሰኘው ወገን ሰዎች እንደ ተሰጠ ነው። የአድልዎ መድኃኒት የተረሳውን ሰው ዳኛ ማድረግ ነው እንጂ ዳኝነቱን ማራቅ አይደለም።

እንግዲህ ሣጥናችን በዚህ ሥርዓት ትቁም። በየወረዳው ሰባት ወይም ዘጠኝ ባለአደራዎች ይመረጡ፤ እኩሌታቸው ሴቶች ይሁኑ። ከመካከላቸውም መሬት የሌለው፥ ባልዋ የሞተባት፥ አካሉ የጎደለ አይታጣ። ከሁለት ዓመት በላይ ማንም አይቆይ። የሣጥኑ መክፈቻ ሦስት ሆኖ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ ገንዘቡም በባንክ በሦስት ፊርማ ይቀመጥ። የመንግሥት ሹም ወይም የደብር አለቃ ስለ ሹመቱ ብቻ ባለአደራ አይሁን፤ ሕዝብ ከመረጠው ግን እንደ ማንም ይግባ። ሕጉም በጎ ለማድረግ የሚቋቋሙ ባለአደራዎችንና ኢንዶውመንቶችን ስለሚፈቅድ ሣጥንዋ በሥርዓት ትመዝገብ፤ የመዝገቡን ሸክም እርስዋ ትሸከም፤ እድሩ ግን እድር ሆኖ ይቅር።

ልመናውም በአማርኛ፥ በአፍ ይሁን። የእድሩ ዳኛ ወይም የሴቶቹ ተወካይ በባለአደራዎቹ ፊት ቆመው ጉዳያቸውን ይናገሩ፤ ከባለአደራዎቹም ሁለቱ በእግራቸው ሄደው ይዩ። ስጦታው ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን ቶሎ ይድረስ። ለፓምፕ ጎማ፥ ለአስታማሚ የመጓጓዣ፥ ለተማሪዎች ምሳ፥ ከጉና በታች ለሚታጠረው የችግኝ ቦታ ይሁን። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ሰንበቴ በሚበላበት ቀን በጉባኤ ይነበብ። ቁራሽ የሰጠችው ሴት ቁራሽዋ የት እንደ ገባች በጆሮዋ ትስማ። ኀፍረት ያለበት ጉዳይ ብቻ ስም ሳይጠራ፥ በሁለት የታመኑ እናቶች ምስክርነት በስውር ይሰጥ፤ በጉባኤውም ቁጥሩ ብቻ ይነገር። የሩቅ በጎ አድራጊም ሊሰጥ የወደደ ከዚሁ ሣጥን ይጨምር፤ በምስጋና እንቀበለዋለን፤ ሒሳቡንም እናነብለታለን። ዳኝነቱን ግን አንሰጠውም።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ የሙዳየ ምጽዋት ሥርዓት በእጃችሁ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ለእናንተ ቃል ይሰጣል፤ ስለዚህ ለሣጥንዋ የመጀመሪያውን ቃል እናንተ ተናገሩ፤ ሒሳብ በጉባኤ ማንበብንም በየደብራችሁ ጀምራችሁ አሳዩ። የተማራችሁ የከተማ ሰዎች ሆይ፤ እናንተ ፕሮፖዛል መጻፍ ታውቃላችሁ፤ ዕውቀታችሁን አንንቅም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ስለ መንደሩ መጻፋችሁን ትታችሁ መንደሩ ሲናገር ጸሐፊው ሁኑ። ጸሐፊነት ክብር ነው፤ ባልሰሙት ነገር መመስከር ግን በአገራችን ከጥንትም የተነቀፈ ነው።

የጋይንት ገበሬ በቁራሽ እንጀራ ለኢትዮጵያ ሁሉ የድጓ መምህራንን አሳድጎአል። ይህን ያህል ዘመን የሌላውን አገር ልጅ ያሳደገ ሕዝብ ለገዛ ምንጩ የምትሆን አንዲት ጎማ ለመግዛት ባሕር ማዶ ደጅ ሊጠና አይገባውም። ይልቁንስ መክፈቻውን ይቀበል፤ ውኃ ቀጂዎቹም በጉባኤው ተቀምጠው ይመስክሩ።